ቁርጭምጭሚቴ ከታሰረ ስግደቴስ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 57 ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ተንሸራትቼ የተሰበረው ቁርጭምጭሚቴ አሁን መገጣጠሚያው አልቋል። የአጥንት ሐኪሙ አጥንቶቹን በብሎን አያይዞ አንድ እንደሚያደርጋቸው፣ ሥቃዩ እንደሚቀልልኝ፣ ቁርጭምጭሚቴ ግን ከእንግዲህ እንደማይታጠፍ ነገረኝ። ስግደት ከሚቀርብኝ ጠበሌን እየጠጣሁ ሕመሙን እንደ ቀኖና ተቀብዬ ብኖር አይሻልም? አባታችን ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪሰበር ቆመው ጸልየው የለምን? ቅዱስ ጴጥሮስስ የአንካሳውን እግር ያጸናው ያለ ቢላዋ አይደለምን? ሥቃዩ ስለበዛብኝ ከቅዳሴም ከቀረሁ ሰነባብቻለሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ ከጻፉልኝ ሁሉ ያሳዘነኝ የመጨረሻው ቃል ነው። ስግደት እንዳይቀርብዎ ብለው ሕክምናውን ፈሩ፤ ስግደቱ ግን ቀርቷል፣ ቅዳሴውም አብሮት ቀርቷል። ይህን የወሰደብዎ ሕመሙ ነው። ሐኪሙ እግርዎን ገና አልነካውም።

ስለ ጠበሉ ብዙ አልልም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። ለደም የተፈቀደው ለአጥንት አይከለከልም። ስለ ቅዱስ ጴጥሮስም ካነሡ፣ በሐዋርያት ሥራ 3፥7 «እግሩና ቁርጭምጭሚቱ ጸና» ብሎ የጻፈልን ሉቃስ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም ይህንኑ ሉቃስን «የተወደደው ባለ መድኃኒት» ይለዋል። ተአምሩን በደስታ የመሰከረው ሰው ሐኪም ነበር፤ በሙያውም አላፈረም።

የምዘገይበት ሌላ ነገር አለ፤ ከብዙ ምእመናን አፍ ሰምቼዋለሁና። ሊታከም የሚችለውን ሕመም አቆይቶ «መስቀሌ ነው» ማለት ገድል የሚመስላቸው አሉ። እናቴ፣ ገድል አይደለም። የትዕግሥት አባት የምንለው ኢዮብ እንኳ ቁስሉ ሲያሳክከው ገል አንሥቶ ይፍቅ ነበር፤ ያችን ታህል ዕረፍት በመፈለጉ ትዕግሥቱ አልተነቀፈም። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ስባረ አጽማቸውን ጥር 24 ቀን የምናከብርላቸው በጸሎት ጸንተው በመቆማቸው ነው። እርስዎ የተሰበሩት ተንሸራትተው ነው፤ ይህም በደል አይደለም፣ ቅጣትም አይደለም። የቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያ እንዲህ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ የቆየ ስብራት ወይም ከባድ ወለምታ ተከትሎት ነው። ሰው ይህን ሳያውቅ ለዓመታት ኃጢአቱን ሲቆጥር ይኖራል፤ በጎረቤት የሚነገረውም ይህንኑ ያባብስበታል።

ስለ ስግደቱ ደግሞ ያዕቆብን ይመልከቱ። በዘፍጥረት 32 ከታገለበት ሌሊት በኋላ በጭኑ ያነክስ ነበር። ታዲያ አንካሳው ያዕቆብ መስገድ ተወን? ዕብራውያን 11፥21 ሲመልስልን «በዘንጉም ጫፍ ተጠግቶ ሰገደ» ይላል። ወደ መሬት መውደቅ ያልቻለው ሽማግሌ በዘንግ ተደግፎ ያደረሰውን መጽሐፍ ያለ ምንም ቅናሽ ስግደት ብሎ ጠራው። እርስዎም በመቋሚያ ተደግፈው አንገትዎን ዝቅ ቢያደርጉ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው «አቤቱ ማረን» ቢሉ ስግደትዎ ነው። ወንበር ላይ መቀመጥ እየቻሉ ከቅዳሴ መቅረትዎ ግን ልክ አይደለም፤ ይህን ሳላለሳልስ እነግርዎታለሁ። በመጪው እሑድ ይሂዱ፤ ይቀመጡ።

ይህን ስል ቢላዋ ስር ይግቡ ብዬ ማዘዜ አይደለም። አጥንቱ አንድ ጊዜ ከተያያዘ ወደ ነበረበት አይመለስምና ተጣድፈው አይወስኑ። ደጋፊ ጫማ፣ የቁርጭምጭሚት ማሰሪያ፣ ወደ መገጣጠሚያው የሚሰጥ መርፌ ተሞክረው እንደሆነ፣ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያስ ለእርስዎ የሚሆን መሆኑን ሐኪሙን ይጠይቁት። አጥንቱ ከተያያዘ በኋላ ጫናው በአጠገቡ ወዳሉት መገጣጠሚያዎች ስለሚሄድ እነርሱ ጤነኛ መሆናቸውን ይዩልዎት። ስኳር ካለብዎ አይደብቁት፤ ቁስልም አጥንትም እንዳይድን ያዘገያል። መንበርከክ እንደሚፈልጉም ሳያፍሩ ይንገሩት፤ እግሩ የሚታሰርበትን አቀማመጥ የሚወስነው እርሱ ነው። ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ያሉት የእግር መገጣጠሚያዎችና ጣቶች መንቀሳቀሳቸውን ስለማያቆሙ ከዳኑ በኋላ መንበርከክ የሚችሉ አሉ፤ የሚከብዳቸውም አሉ።

ቤተሰብዎን አስቀድመው ያማክሩ። ብዙ ጊዜ እግሩ ለሳምንታት አይረገጥም፤ አጥንቱ እስኪያያዝ ደግሞ 3 ወር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ውኃ የሚያቀብል፣ ደረጃ የሚያወርድ ሰው ያስፈልግዎታል። «ለማንም ሸክም አልሆንም» የሚለውን ቃል ከእናቶች ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ እባክዎን ልጆችዎን ከዚህ በረከት አይከልክሏቸው።

ወደ ንስሐ አባትዎ ሲሄዱ «ልታከም ወይስ ልተው?» ብለው ሸክሙን እርሳቸው ላይ አይጣሉ፤ ስለ አጥንቱ የሚያውቀው ሐኪሙ ነው። እርሳቸውን የሚጠይቁት ስለ ጸሎትዎና ስለ ጾምዎ ነው። ቀጠሮው በዐቢይ ጾም ላይ ቢውልና ሐኪሙ አጥንቱ እንዲያያዝ ወተትና እንቁላል ይብሉ ቢልዎት፣ ለራስዎ ከመፍረድዎ በፊት ይንገሯቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን የምታዝንበት ሥርዓት አላትና የሚፈቅዱልዎትን ያለ ጸጸት ይቀበሉ።