ቆሻሻውን አታሳድዱት፣ ነፋሱ ያመጣላችኋል

ሰላም ወንድሜ። በርሚንግሃም ውስጥ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የሪሞት ጀልባ የምታንሳፍፉበት የመናፈሻ ኩሬ በቅጠል፣ በፕላስቲክና በአረም እየተሞላ መቸገራችሁን አየሁ። ቅዳሜ ጠዋት መረብ ይዛችሁ ስትለቅሙ ግማሹ ጊዜ ያልቃል፤ ያም ሆኖ ፕሮፔለሩ (ጀልባውን የሚገፋው ተሽከርካሪ) መታነቁን አይተውም ብለሃል። እኔ ለንደን ውስጥ ከአንድ የሞዴል ጀልባ ክለብ ጋር ይህንኑ ሥራ ለዓመታት ስሠራ ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርህ።

ከሁሉ በፊት ቆሻሻውን እየዞራችሁ ማሳደድ ተዉ። የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ ነፋስ ወደሚገፋው ዳር ይሄዳል። እንግሊዝ አገር ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ስለሚመጣ ቅጠሉም ጠርሙሱም የሚከማቸው ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ላይ ነው። የጣናን እምቦጭ የተከታተለ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ እሱንም ነፋስና ማዕበል ናቸው ከዳር ዳር የሚነዱት። ስለዚህ ጠዋት ስትደርሱ የነፋሱን አቅጣጫ እዩና ቆሻሻው የሚጠራቀምበት ዳር ላይ ቁሙ። አፉ ቀጥ ያለ መረብ ምረጡ። ክብ አፍ ያለው ከኩሬው ግድግዳ ጋር ስለማይገጥም ግማሹ በጎን ያመልጣል።

ነፋስ በሌለበት ቀን መፍትሔው ገመድ ነው። ከኩሬው ስፋት ትንሽ የሚረዝም ገመድ ግዙ። ልጆች ዋና ሲለማመዱ የሚይዙት ረጅም ፎም አለ አይደል? መሃሉ ቀዳዳ ስለሆነ ቆራርጣችሁ ገመዱ ላይ እንደ ዶቃ ሰኩት። ከዚያ ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል የሚወርድ መረብ እሰሩበት፣ የመረቡም ጫፍ ላይ ትንሽ ክብደት አድርጉ። ይህቺ መረብ ከሌለች ቅጠሉ ከፎሙ ሥር እየሾለከ ያልፋል። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ዳር ሆነው ገመዱን ይዘው ይራመዱ፤ ግን በጣም ቀስ ብለው። ከፈጠኑ ውሃው ፎሙ ፊት ይጠራቀምና ቅጠሉን ወደ ታች ይስበዋል። ጥግ ላይ ስትደርሱ ሁለቱን ጫፎች አገናኙ፤ ሦስተኛው ሰው መሃል የተከበበውን በመረብ ያውጣ። ሲያልቅ ገመዱን ውሃ ውስጥ አትተዉት፣ ወፍ ይጠላለፍበታል።

ቅጠል ላይ በጣም ጠንክሩ። ከዛፍ የረገፈ ቅጠል ለጥቂት ቀናት ይንሳፈፍና ይሰምጣል። ከሰመጠ በኋላ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ጭቃ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ሰመር ደግሞ አልጌ ይቀለብበታል። ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ በየሁለት ሦስት ቀኑ ብቅ ብሎ ማውጣት በኋላ ከሚመጣው መከራ ያድናል። ለንደን ኬንሲንግተን ጋርደንስ መናፈሻ ውስጥ ያለውን ራውንድ ፖንድ የሚባል ኩሬ ብታየው ዙሪያው ገላጣ ነው። ዛፎቹ ራቅ ማለታቸው ለሸራ ጀልባ ነፋስ ይሰጣል፣ ቅጠሉንም ያስቀራል። የእናንተ ኩሬ ላይ ቅርንጫፍ የሚያንዣብብ ከሆነ እንዲገረዝ ካውንስሉን (የአካባቢውን አስተዳደር) ጠይቁ።

አረሙ ሌላ ጉዳይ ነው። እንደ ፀጉር የሚረዝመውን አረንጓዴ አልጌ ሸካራ ዱላ ላይ እየጠቀለላችሁ አውጡት። እንዳይመለስ የገብስ ጭድ ይረዳል፤ ላላ ባለ መረብ ተደርጎ ማርች አካባቢ ውሃው ላይ እንዲንሳፈፍ ይደረጋል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መሥራት እስኪጀምር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጅበታል። አዲስ አልጌ እንዳይበቅል ያግዛል እንጂ የነበረውን አይገድልም። መድኃኒት አትጨምሩ፤ ዓሣም ዳክዬም የሚኖሩበት ውሃ ነው። ለዳክዬ ዳቦ የሚወረውሩትንም በትሕትና አናግሯቸው፣ የተረፈው ዳቦ አልጌውን ያፋፋል። ውሃው ላይ የፈሰሰ አረንጓዴ ቀለም የሚመስል ነገር ካያችሁ ግን መርዛማ ሊሆን ስለሚችል እጃችሁን አታስገቡ፣ ልጆችንም ውሻንም አርቁ፣ ለካውንስሉ ተናገሩ።

አንድ ነገር እንዳትረሱ። ኩሬ ላይ የሚኖሩ ወፎች ጎጇቸውን ከዚሁ ከተንሳፈፈው እንጨትና ሣር ይሠራሉ። በ1981 በወጣው የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ መሠረት በአገልግሎት ላይ ያለ ጎጆ ማፍረስ ወንጀል ነው። ከማርች እስከ ኦገስት ድረስ ክምሩን ከመንካታችሁ በፊት በደንብ እዩ።

ጓንት ሳታደርጉ አትሥሩ፤ የአይጥ ሽንት በገባበት ውሃ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል ከባድ በሽታ ይተላለፋል። ቁስል ካለ ሸፍኑት። ለአንድ ጠርሙስ ብሎ ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው አይኑር። የዓሣ ማጥመጃ ክር ካገኛችሁ ቆራርጣችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሉት።

ጀልባውን በተመለከተ፣ ፕሮፔለሩ ሲያዝ ወዲያው ስሮትሉን (ሪሞቱ ላይ ያለውን የፍጥነት ማንሻ) ልቀቁ። ሞተሩ መዞር አቅቶት እየታገለ ከቆየ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስብና የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ያቃጥለዋል። የሸራ ጀልባ ከሆነ ኪሉ ላይ (ከጀልባው ሥር ወደ ውሃው የሚወርደው ክንፍ ላይ) የተጠመጠመው አረም ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ሲሄድ ይለቃል።

ያወጣችሁትን አረም እዚያው ዳር ላይ አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ውስጡ ያሉት ቀንድ አውጣዎችና ትናንሽ ነፍሳት ወደ ውሃው ይመለሳሉ። በማግስቱ ማን እንደሚያነሳው አስቀድማችሁ ከካውንስሉ ጋር ተስማሙ፣ ካለበለዚያ ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። የኩሬውን ፎቶ ለጥፍልን፣ ሰሜኑ በየት በኩል እንደሆነም ጻፍልን። ገመዱን ከየት ብትጀምሩት እንደሚሻል አብረን እናያለን።