መልስ፦ በውሃ ዋና ውድድር የአንድ መስመር ሦስት ሰዓት ያዦች የተለያየ ሰዓት ከያዙ የቱ ይመዘገባል?

መካከለኛው ነው። ሐዋሳ ላይ የውሃ ዋና ዳኝነት ስልጠናው ላይ የተሰጠሽ ምሳሌ 31.42፣ 31.48 እና 31.75 ሰከንድ ከሆነ ውጤቱ 31.48 ነው። አማካይ እንዳታወጪ፤ ብዙ ሰልጣኝ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ሁለቱ እኩል ከሆኑ ግን የሁለቱ ይያዛል። አማካይ የሚወሰደው አንዱ ሰዓት ሳይሠራ ቀርቶ የቀሩት ሁለቱ ሲለያዩ ብቻ ነው።

ለተግባር ፈተናው፦

1. የመነሻ መብራት ካለ ሰዓትሽን በመብራቱ አስነሺ። ድምፅ እስኪደርስሽ ይዘገያል።
2. ማጠናቀቂያው ላይ ከመስመርሽ ጫፍ ቆመሽ ቁልቁል ግድግዳውን እዪ። ዋናተኛውን እያየሽ ከተከተልሽ ንክኪው ያመልጥሻል።
3. ትዕዛዝ ሳይሰጥ ሰዓቱን ወደ ዜሮ አትመልሺ።

ከልምድ አንድ ነገር ልንገርሽ። የጎረቤትሽን ቁጥር ሰምተሽ የራስሽን እንዳታስተካክዪ። ጀማሪ ሰዓት ያዦች ከሌላው መለየት ያስፈራቸዋል፤ ደንቡ ሦስት ሰው የሚያቆመው ግን ልዩነት እንደሚኖር ስለሚያውቅ ነው። ያየሽውን ወዲያው ጻፊ። ሰዓትሽ ዘግይቶ ከተነሳም ዝም አትበዪ፣ ውድድሩ ሳያልቅ እጅሽን አንስተሽ ለዋናው ሰዓት ያዥ ንገሪ። መጠባበቂያ ሰዓት የሚያዘው ለዚሁ ነው።