ፓተንት ከመመኘታችሁ በፊት ፓተንት አንብቡ

ልጆቼ፣

ኬሚስትሪ፣ ኬሚካል ምህንድስና ወይም ፋርማሲ ተምራችሁ "እኔም አንድ ነገር ፈጥሬ በስሜ አስመዘግባለሁ" የምትሉ ብዙ ናችሁ። ጥሩ ምኞት ነው። ግን የምታዘበው ነገር አለ። ፓተንት ማግኘት የሚፈልገው ብዙ ነው፤ ፓተንት ከፍቶ ያነበበው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። እኔ ፀጉሬ የሸበተው ፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ስለሆነ የምጽፍላችሁም ስለዚያው ስለማውቀው ነው። ስለ ፕላስቲክ፣ ስለ ማሸጊያና ማጣበቂያ ኬሚካል፣ ትንሽ ደግሞ ስለ መድኃኒት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ። ሰነዶቹ ላይ የምታገኟቸው እንደዚያ ነውና።

ፓተንት ውል ነው። መንግሥት ለፈጣሪው "ለተወሰኑ ዓመታት ያለ ፈቃድህ ማንም አይሠራውም" ይለዋል። ፈጣሪው በበኩሉ እንዴት እንደሠራው ቁልጭ አድርጎ ይጽፋል፣ ጽሑፉም ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። የሙያው ሰው አንብቦት ሊሠራው ካልቻለ መብቱ ሊሰረዝ ይችላል። በአብዛኛው ዓለም ጊዜው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው። በእኛ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 (ይቺ ብቻ የእኛ አቆጣጠር ናት) 15 ዓመት ነው፤ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። ከዚያ በኋላ የማንም ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመ "እንዲህ አድርጌ ሠራሁት" የሚል ጽሑፍ በነፃ ተቀምጧል፣ እኛ ደግሞ ቀመር የሚሸጥልን ሰው ፍለጋ እንዞራለን።

እስቲ ጋራዥ እንግባ። መካኒኩ ቡሎኑ ላይ ጠብ አድርጎ ዳዶውን የሚያስርባት ቀይ ጠርሙስ አለች፣ ሎክታይት። ጠርሙሷ ውስጥ ፈሳሽ ናት። በቡሎኑና በዳዶው ጥርስ መካከል ስትገባ ግን አየር ታጣለች፣ ብረት ትነካለች፣ ከዚያ ትደርቃለች። ንዝረት አይፈታትም።

የዚህች ነገር መነሻ ጀነራል ኤሌክትሪክ ውስጥ የነበረ አስቸጋሪ ፈሳሽ ነው። አየር ሲነፋበት ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፣ አየሩ ሲቋረጥ ይጠጥራል። ሌት ተቀን አየር እየነፉ ማን ያስቀምጠዋል? ለገበያ የሚሆን አልነበረም። ቨርነን ክሪብል የሚባል ሃርትፎርድ ውስጥ በትሪኒቲ ኮሌጅ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው ነገሩን ከልጁ ሰማ። ልጁ እዚያው ጀነራል ኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር። አባትየው በ1953 አየር ሳይነፋበት ጠርሙስ ውስጥ የሚቆይ ድብልቅ አገኘ፤ በ1956 ለገበያ ቀረበ። እሱ በወጣትነቱ ሳይሆን ፕሮፌሰር ሆኖ ካረጀ በኋላ ነው ይህን የሠራው፣ በነገራችን ላይ።

አዲስ ጠርሙስ ስትገዙ ልብ በሉ፣ ሙሉ አይደለችም። አልተጭበረበራችሁም። ከላይ የቀረው አየር ነው ፈሳሹን ፈሳሽ አድርጎ የሚያቆየው። ጠርሙሷም አየር በጥቂቱ ከሚያሳልፍ፣ ፖሊኢቲሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራችው ለዚሁ ነው። "ይቺን ዕቃ ቆጥበን በብረት ቆርቆሮ እስከ አፉ እንሙላው" የሚል ብልጥ ነጋዴ ቢመጣ ድንጋይ ይዞ ይቀራል።

ለምን ይህን አስረዘምኩት? ክሪብል የጀመረው ከባዶ አይደለም። ሌላው ሰው ተቸግሮ የተወውን ነገር ነው ያነሳው። ፓተንቶች ደግሞ እንዲህ ያለውን ችግር ከነመፍቻው ይዘረዝሩታል። አብዛኛው ፓተንት መግቢያው ላይ "እስከዛሬ እንዲህ ይሠራ ነበር፣ ጉድለቱ ይህ ነው" ብሎ ይጀምራል። ዋናውን ፈጠራ ባትፈልጉት እንኳ ይህን መግቢያ አንብቡ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣሁ የሚለኝ ተማሪ ይገርመኛል።

ያልታሰበ ውጤት ሲመጣም ዝም ብላችሁ አትድፉት። ጆሴፍ ፓትሪክ የተባለው ኬሚስት በ1920ዎቹ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ለመኪና ራዲያተር የሚሆን ማቀዝቀዣ ሲፈልግ የሚገማ ሙጫ መሰል ነገር ወጣለት። ምንም ፈሳሽ አላሟሟው አለ። ቤንዚን የማያሟሟው ጎማ ምን ላይ እንደሚውል ገምቱ። ኋላ የአውሮፕላን ነዳጅ ታንክ መገጣጠሚያ የሚታሸገው በዚሁ ዘር ባለው ኬሚካል ሆነ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። "ማዳበሪያ" የምንለው እህል የምንሞላበት ከረጢት ፖሊፕሮፒሊን ነው። በ1951 ኦክላሆማ፣ ባርትልስቪል ውስጥ ፖል ሆጋንና ሮበርት ባንክስ የተባሉ የፊሊፕስ ፔትሮሊየም ኬሚስቶች ከፕሮፒሊን ጋዝ የቤንዚን ግብዓት ሊያወጡ ይሞክሩ ነበር። ኒኬል ኦክሳይድ ላይ ክሮሚየም ኦክሳይድ ሲጨምሩበት መሣሪያቸው በነጭ ጠጣር ነገር ተደፈነ። ያ ነው እንግዲህ ከረጢቱ። በዚሁ የክሮሚየም መንገድ ከኢቲሊን ጋዝ የጀሪካኑን ጠንካራ ፖሊኢቲሊንም ሠሩ። ለፖሊፕሮፒሊኑ ፓተንት ያመለከቱት በ1953 ነበር። ጉዳዩ ግን ሌሎች ትልልቅ ኩባንያዎች "እኛ ቀድመናል" ብለው ስለገቡበት ፓተንቱ የተሰጠው በ1983 ነው። ሠላሳ ዓመት! በዚያ ጊዜ የአሜሪካ ሕግ የሚጠይቀው ማን ቀድሞ ፈጠረ ብሎ ስለነበር ማን ምን ቀን ምን እንደሠራ በማስረጃ መታየት ነበረበት።

ዛሬ አሜሪካም ቢሆን ከ2013 ወዲህ ቀድሞ ላመለከተ ነው። "ታዲያ የላብራቶሪ ደብተር ለምኔ?" እንዳትሉ። ማመልከቻውን የምትጽፉት ከደብተሩ ነው። ሙቀቱ ስንት ነበር፣ ስንት ግራም ገባ፣ ምን ያህል ቆየ፣ ያልሠራው የትኛው ነው። በእስክሪብቶ፣ ከነቀኑ፣ ገጽ ሳትገነጥሉ። ስልክ ላይ ፎቶ አንስታችሁ "አለኝ" የምትሉትን ነገር እኔ አላምንበትም። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ጋለሪው ውስጥ ከሠርግ ፎቶ ጋር ይደባለቃል።

ፓተንት ስታነቡ ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው መጨረሻ አካባቢ ያለው፣ ተራ ቁጥር የተሰጠው ክፍል ነው። ክሌም ይባላል። ልክ የቤት ካርታ ላይ እንዳለ ወሰን፣ መብቱ ከየት እስከ የት እንደሆነ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። ርዕሱ ላይ ብቻ ተመሥርታችሁ አትናደዱም፣ አትደሰቱምም።

የጤፍን ጉዳይ ታስታውሳላችሁ። "ሆላንዶች ጤፋችንን ፓተንት አደረጉት" ተብሎ ተጮኸ። መጮኹ ትክክል ነበር። ግን ምን እንደተያዘ ያነበበ ጥቂት ነው። በ2007 የተሰጠው የአውሮፓ ፓተንት የያዘው የዱቄቱን ጠባይ ነበር፦ እህሉ ሲፈጭ "ፎሊንግ ነምበር" የሚባለው ልኬት ቢያንስ 250 የሆነ የጤፍ ዱቄት። ልኬቱ ደግሞ ዱቄቱን በውኃ በጥብጦ እያሞቁ አንዲት ዘንግ ሰምጣ ታች እስክትደርስ ያለውን ሰከንድ መቁጠር ነው። ማንኛውም የዱቄት ፋብሪካ ላብራቶሪ የሚያውቀው ነገር። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 የኔዘርላንዱን መብት የሻረው የፈጠራ ደረጃ የለውም፣ ማለትም ለሙያው ሰው ግልጽ የሆነ ነገር ነው ብሎ ነው። በአውሮፓ ፓተንት ከተሰጠ በኋላ ባሉት 9 ወራት ውስጥ ማንም ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። ያን ዕድል የሚጠቀመው ግን ክሌም ማንበብ የሚችል የእህል ኬሚስት ያለው አገር ነው።

ወደ መድኃኒት ስንመጣ ደግሞ ፓተንት ከአገር አገር እንደሚለይ አትርሱ። አስፕሪንን እዩ። አንድ ሞለኪውል፣ አንድ ኩባንያ፣ ባየር። አሜሪካ በ1900 ፓተንት ሰጠችው። የገዛ አገሩ ጀርመን ግን አዲስ አይደለም ብላ አልሰጠችውም። ውሑዱን ፈረንሳዊው ዤራር በ1853 ሠርቶት ነበርና። አንድ ፓተንት አሜሪካ ተመዝግቦ እዚህ ካልተመዘገበ እዚህ አይሠራም። ይህ ማለት ግን እዚህ ሠርታችሁ መብቱ ወዳለበት አገር መላክ ትችላላችሁ ማለት አይደለም። መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ፓተንት ኖረም አልኖረ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባ ይቀራችኋል፤ ብዙ ጊዜ ከባዱም እሱ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ምርቱ ነው የተያዘው ወይስ አሠራሩ? ሕንዶች እዚህ ላይ ብልጥ ነበሩ። የ1970 ሕጋቸው ለመድኃኒት የሚሰጠው የአሠራር ፓተንት ብቻ ነበር። ኬሚስቶቻቸው ወደዚያው ሞለኪውል የሚያደርስ ሌላ መንገድ ሲፈልጉ ኖሩ። በዚያ የሰለጠነ እጅ ነው በ2001 ሲፕላ የተባለው የሕንድ መድኃኒት ኩባንያ የኤችአይቪን የሦስት መድኃኒት ጥምር ለአንድ ሰው ለዓመት በ350 ዶላር ለድንበር የለሽ ሐኪሞች አቀርባለሁ ያለው። በወቅቱ በሀብታሞቹ አገር ዋጋው ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። በ2005 ሕጋቸውን ለወጡ፣ ሙያው ግን እጃቸው ላይ ቀረ። ስለ ሕንድ መድኃኒት ፋርማሲ በር ላይ ቆመን ከምናወራው ወሬ ይልቅ ይህን ታሪክ ብናጠና ይሻለናል።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ወጣቱ አንድ ነገር ይሠራል፣ በማግስቱ ቴሌቪዥን ላይ ይቀርባል፣ ቲክቶክ ላይ ይለቀዋል፣ ኤግዚቢሽን ላይ አሠራሩን ለመጣው ሁሉ ያስረዳል። ከዚያ ፓተንት እንዴት ላውጣ ይለኛል። ፓተንት አዲስነትን ይጠይቃል። አሜሪካ ለራሳችሁ ይፋ ማድረግ የአንድ ዓመት ጊዜ ትሰጣለች። አውሮፓ ግን በመርሕ ደረጃ እንዲህ ያለ ምሕረት የለም፤ የራሳችሁ ቪዲዮ ራሳችሁን ይጥላችኋል። መጀመሪያ አመልክቱ፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑ የት ይሄዳል። ደግሞ የሥራ ውላችሁን አንብቡ። በሥራችሁ ምክንያት የፈጠራችሁት፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ የአሠሪያችሁ ነው።

ትልቅ ነገር ካልሆነ አይመዘግቡልኝም ብላችሁም አትተዉት። አዋጁ ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጥ ሰርተፊኬት አለው፣ 5 ዓመት፣ ለሌላ 5 የሚታደስ። የቧንቧ መገጣጠሚያ ውኃ እንዳያንጠባጥብ አንዲት ቀለበት የጨመረ ልጅ የሚያስፈልገው ይህ ነው። በእኔ አስተያየት ለአገራችን ፋብሪካዎች ከትልልቁ ፓተንት ይልቅ የሚጠቅመውም ይሄኛው ነው። የሚያመለክትበት ሰው ግን ከምፈልገው በታች ነው።

በሉ ዛሬውኑ ጀምሩ። ጉግል ፓተንትስ ወይም ኤስፓስኔት የሚባሉትን የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጾች ክፈቱና የአሜሪካ 942699ን ፈልጉ። የቤክላንድ ነው፣ የ1909፣ ከፌኖልና ፎርማልዴሃይድ ባክላይት የሚባለውን ፕላስቲክ እንዴት እንደሠራ። አጭር ነው፣ እንግሊዝኛውም አይከብድም። ቀጥላችሁ በሙያችሁ አንድ የቅርብ ጊዜ ፓተንት ያዙ፤ የጠቀሳቸውን አሮጌ ፓተንቶች ተከትላችሁ ወደኋላ ሂዱ። በሕይወት መኖሩንም እዩ። አሜሪካ ውስጥ ከተሰጠ በኋላ በ3 ዓመት ከመንፈቅ፣ በ7 ዓመት ከመንፈቅና በ11 ዓመት ከመንፈቅ የሚከፈል ክፍያ አለ። ባለቤቱ ካልከፈለ መብቱ ቀሪ ነው፣ 20 ዓመቱን ሳይጠብቅ።

ግራ ሲገባችሁ ጻፉልኝ። ግን ቁጥሩን ጻፉ። "አንድ ፓተንት አይቼ ነበር፣ ስለ ሲሊኮን መሰለኝ" ብሎ ለሚጽፍልኝ አልመልስም።