ስምንተኛው ሺህ መቼ ነው የሚገባው? እና ሌሎች ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። ጡረታ የወጣሁ ፓስተር ነኝ። ዳንኤልንና ራእይን ማገላበጥ ከጀመርኩ አርባ ዓመት አልፎኛል። «ስለ መጨረሻው ዘመን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ፓስተር፣ አያቴ ነገር በተበላሸ ቁጥር «ስምንተኛው ሺህ!» ይላሉ። መቼ ነው የሚገባው?

መልስ፦ ገብቷል እኮ ልጄ! ያውም ከ500 ዓመት በፊት። በአገራችን አቆጣጠር ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። ዓመተ ምሕረቱን በላዩ ደምሪ። በ1500 ሰባተኛው ሺህ ሞላ። 2018 ላይ 7518 ይመጣል። የግራኝ ጦርነት የተደረገውም በዚሁ በስምንተኛው ሺህ ውስጥ ነው። አያትሽ ምሬታቸውን ይግለጹበት፣ ቀን ግን አይቁጠሩበት።

ጥያቄ፦ ፋይዳ መታወቂያ 666 ነው የሚሉ አሉ። ላውጣ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ አውጣ፣ ባንክ ቤት አትጉላላ። ራእይ 13 የአውሬውን ምልክት ያያያዘው ከስግደት ጋር ነው። አሻራ ስለሰጠ ሳያውቀው አምላኩን የሚክድ ሰው የለም። ስለ ቁጥሩ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። በዕብራይስጥ እያንዳንዱ ፊደል የቁጥር ዋጋ አለው። ክርስቲያኖችን ያሳደደውን የሮም ንጉሥ «ኔሮን ቄሳር» ብለህ ጽፈህ ስትደምር 666 ይመጣል። በአንዳንድ ጥንታዊ ቅጂዎች ደግሞ 666 በሚለው ፈንታ 616 ተጽፏል። ከስሙ መጨረሻ «ን»ን አንሳት፤ ዋጋዋ 50 ነው፤ 616 ይቀርሃል! ይህን የደመርኩ ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የማይቀበሉት ሊቃውንት አሉ፣ እኔን ግን አሳምኖኛል።

ጥያቄ፦ ንጥቀት ከመጨረሻው ዘመን ታላቅ መከራ በፊት ነው በኋላ?

መልስ፦ አማኞች ጌታን ለመቀበል በደመና እንደሚነጠቁ 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥17 ይናገራል። «ከመከራው በፊት» የሚለውን ትምህርት ያስፋፋው በ1830ዎቹ (በፈረንጆቹ) የተነሳው ሰባኪ ጆን ኔልሰን ዳርቢ ነው። በ1909 የታተመው ባለ ማብራሪያው የስኮፊልድ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ዓለምን አዳረሰው። እኔም ያደግሁት በዚያ ነው። ዛሬ ልቤ አይቀበለውም። ወንድሞቼ ይቆጡኛል፤ ይቆጡ።

ጥያቄ፦ ራእይን ባነብ አይገባኝም፣ ያስፈራኛል።

መልስ፦ የቅኔ ቤቶቹ የዋሸራና የዲማ አገር ልጅ ሆነህ? ቅኔ አድርገህ አንብበው። አውሬው ሰም ነው፣ ወርቁን ፈልግ። አንዳንዴማ መጽሐፉ ራሱ ይፈታልሃል፤ 17፥9 ላይ ሰባቱ ራሶች ሰባት ተራሮች ናቸው ይላል። ያኔ ይህን የሰማ ሰው ሁሉ በሰባት ኮረብታ ላይ የተሠራችው ሮም መሆኗን ያውቃል።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ጦርነት ምልክት አይደለም?

መልስ፦ ማቴዎስ 24፥6ን እስከ መጨረሻው አንብቡት። «መጨረሻው ገና ነው» ይላል።

ጥያቄ፦ እርስዎ ቀን ቆጥረው ያውቃሉ? እውነቱን!

መልስ፦ ያሳፍረኛል፣ ግን አዎ። አሜሪካዊው ሰባኪ ዊልያም ሚለር ጌታ ይመጣል ብሎ ለኦክቶበር 22፣ 1844 ሕዝብ አስጠብቆ እንዳፈረ አንብቤያለሁ። ግን ማን ይማራል? ማቴዎስ 24፥34 «ይህ ትውልድ አያልፍም» ይላል ብዬ ቆጠርኩ፦ እስራኤል በ1948 ተመሠረተች፤ አንድ ትውልድ 40 ዓመት ነው፤ 1988 መጣ። በእኛ 1980፣ ቢዘገይ 81። ዘመኑ ደርግ ነበር፤ የምንጸልየውም በሰው ጓዳ ተደብቀን ነው። በ1978 ሣር ክዳን ቤታችን ማፍሰስ ጀመረ። ባለቤቴ «ቆርቆሮ ግዛ» ትለኛለች። እኔ «ምን ያደርጋል፣ ሦስት ክረምት ቢቀረን ነው» እላለሁ። አልጋው ሥር ሳፋ፣ በር ላይ ባልዲ።

ያን ሰሞን ጎረቤታችን ሽማግሌ ጓሯቸው ባሕር ዛፍ ይተክላሉ። «አያ፣ ጌታ እኮ ሊመጣ ነው» አልኳቸው። ቀና እንኳ አላሉም። «ይምጣ፣ ጥላ ያገኛል» አሉኝ።

81 አለፈ። በማግስቱ ዓመት ቆርቆሮ ገዛሁ። ወራጁን የቆረጥነው ከእርሳቸው ባሕር ዛፍ ነው። ገንዘብ ልሰጣቸው ብል እምቢ አሉ።