ከጃፓን የተገዙ ፊገሮችንና የጉዞ ማስታወሻዎችን ወደ ቤት ስለማድረስ፦ ጥያቄና መልስ

ጃፓን በኖርኩባቸው ዓመታት ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተንና ከፍራንክፈርት የሚመጡ ወገኖችን በቶኪዮዎቹ የአኪሃባራና የናካኖ ብሮድዌይ ሱቆች እየመራሁ፣ በመጨረሻም ሆቴላቸው ወለል ላይ ተቀምጬ የገዙትን አብሬ ስጠቀልል ቆይቻለሁ። ከዚያ የተማርኩት ዋናው ነገር፣ ፊገሩ (የአኒሜ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን፣ ገጸ ባሕሪ ትንሽ ቅርጽ) በእጅ ይጓዛል ወይስ በፖስታ የሚለውን ከመግዛት በፊት መወሰን እንደሚገባ ነው፤ ታክሱም፣ አጠቃቀለሉም፣ ወጪውም የሚመነጩት ከዚያ ውሳኔ ነውና።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አራት የአኒሜ ፊገሮች ገዝቻለሁ። በፖስታ ልላካቸው ወይስ ይዣቸው ልምጣ?

መልስ፦ ከቻሉ ይዘዋቸው ይምጡ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቶኪዮው ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ በሴኡል በኩል አዲስ አበባ የሚገባ በረራ አለው፤ አብዛኛው የኢኮኖሚ ቲኬት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ስለሚፈቅድ የሚያስቸግርዎት ክብደቱ ሳይሆን የካርቶኑ ስፋት ነው። በፖስታ መላክ ግድ ከሆነ ግን የተቀባዩን የፖስታ ሣጥን ቁጥርና ስልክ በግልጽ ይጻፉ፤ ጥቅሉ ደጃፍዎ ድረስ ይመጣል ብለው ሳይጠብቁም መታወቂያ ይዘው ከፖስታ ቤት ለመውሰድና ከጉምሩክ ጋር ለመጨረስ ጊዜ ይመድቡ።

ጥያቄ፦ ሱቁ ፓስፖርቴን አይቶ ታክሱን ቀነሰልኝ። ያንኑ ዕቃ በፖስታ ብልከው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሱቅ ከ5,000 የን ጀምሮ ለሚገዛ ጎብኚ 10 በመቶው የፍጆታ ታክስ የሚቀርለት፣ ዕቃውን ራሱ ይዞ ከአገር እንዲወጣ በሚል ግዴታ ነው። ቀደም ሲል የፖስታ ደረሰኝ ለአውሮፕላን ማረፊያው ጉምሩክ ማሳየት ይበቃ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ግን ይህ አሠራር ስለቀረ፣ ሲወጡ ዕቃው አብሮዎት ካልተገኘ የቀረልዎትን ታክስ ይከፍላሉ። ስለዚህ በፖስታ የሚሄደውን ከነታክሱ ይግዙ፣ አለዚያም ሱቁ ራሱ በቀጥታ ወደ ውጭ ይልክ እንደሆነ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ ሙሉ ዋጋው አስቀድሞ ተከፍሎ፣ ታክሱ በመውጫው ላይ ጉምሩክ ካረጋገጠ በኋላ የሚመለስ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ለራሴ የምልከውን ጥቅል «ስጦታ» ብዬ ብጽፍ ቀረጥ አልከፍልም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እንዲህ አያድርጉ። ስጦታ ማለት አንድ ሰው ለሌላ ሰው የሚልከው ነው፤ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የምታስገባውም እስከ 100 ዶላር ድረስ ያለውን ብቻ ነው። ከ800 ዶላር በታች የሆነ ጥቅል ሁሉ ያለ ቀረጥ ይገባበት የነበረው ደንብ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 2025 ቆሟል። ከውጭ የሚመለስ ነዋሪ ያለው የ800 ዶላር መብት ግን አለ፤ እርሱም አብሮት ለሚገባው ዕቃ ነው። ውዱን በሻንጣ፣ ርካሹን በፖስታ የምለው ለዚህ ነው። አውሮፓ ኅብረት ለሚኖሩ ደግሞ በአውሮፕላን ይዞ ለመግባት የተፈቀደው እስከ 430 ዩሮ ሲሆን፣ በግለሰቦች መካከል የሚላክ ስጦታ ነጻ የሚሆነው እስከ 45 ዩሮ ነው።

ጥያቄ፦ ፊገሩ እንዳይሰበር እንዴት ልጠቅልለው?

መልስ፦ ዋናውን ካርቶን ፈጽሞ አይጣሉ። ለሰብሳቢ የዋጋው አካል ከመሆኑም በላይ፣ በውስጡ ያለው ግልጽ ፕላስቲክ ለዚያው ቅርጽ ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ የሚተካው መጠቅለያ የለም። ካርቶኑን አየር በቋጠረ ፕላስቲክ ጠቅልለው፣ በሁሉም በኩል ቢያንስ አምስት ሳንቲ ሜትር በሚሰፋ ጠንካራ ካርቶን ውስጥ ያስገቡትና ክፍተቱን በተጨማደደ ወረቀት ይሙሉት፤ ሲነቀንቁት ውስጡ ከተንቀሳቀሰ ገና አላለቀም። ያገለገለ ፊገር ያለ ካርቶን ከገዙ በቅድሚያ በስስ ነጭ ወረቀት ይሸፍኑት፤ የጋዜጣ ቀለም ይለቅበታልና።

ሙቀትም ጠላት ነው። አብዛኞቹ ፊገሮች የሚሠሩበት ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ሲሞቅ ይለሰልሳል። አንድ ጊዜ በሐምሌ ወር በመርከብ የላክሁት ፊገር ሰይፉ እንደ ማጭድ ጎብጦ ደረሰ፤ የጎበጠውን ክፍል ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ ቀስ ብዬ ካቀናሁት በኋላ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በመክተት አዳንኩት። የመርከብ ፖስታ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ለመጻሕፍትና ለልብስ እንጂ ለፊገር አልመክረውም።

ጥያቄ፦ ለሞዴል መቀቢያ የሚሆን ቀለምና ትርፍ ባትሪስ?

መልስ፦ በቀላሉ የሚቀጣጠል ቀለምና የሚረጭ የቀለም ቆርቆሮ በፖስታም በሻንጣም አይሄድም። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ዳሩማ (የዕድል አሻንጉሊት)፣ እጇን ያነሣችው ድመት ማኔኪ ኔኮና ከኤሊ ጀርባ ሽፋን የተሠራ አንድ አሮጌ ማበጠሪያ ገዛሁ። ይሄዳሉ?

መልስ፦ የጃፓኗ ታካሳኪ ከተማ የምትታወቅባቸው ዳሩማዎች ከወረቀት የተሠሩ በመሆናቸው ቀላል ናቸው፤ በላያቸው ከባድ ነገር አይጫን እንጂ በሰላም ይደርሳሉ። ማኔኪ ኔኮ ሸክላ ከሆነች የተነሣው እጇ ለብቻው ይጠቅለል። ማበጠሪያውን ግን ይተዉት። ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚውለው የባሕር ኤሊ ልክ እንደ ዝሆን ጥርስ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት የተጠበቀ ነው፤ ያለ ፈቃድ ይዘውት ቢገኙ ይወረሳል፣ ሊያስቀጣም ይችላል።

ጥያቄ፦ ጥቅሉ ተሰብሮ ቢደርስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምንም ነገር ሳይጥሉ፣ የውጭውን ካርቶንና መሙያውን ጭምር ፎቶ አንስተው ወዲያው ለፖስታ ቤቱ ያሳዩ። በጃፓን ፖስታ ኢኤምኤስ (ፈጣን ዓለም አቀፍ ፖስታ) የተላከ ጥቅል እስከ 20,000 የን ድረስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መድን አለው። ከዚያ የበለጠ ዋጋ ያለውን ሲልኩ እውነተኛውን ዋጋ ጽፈው ተጨማሪውን መድን ይክፈሉ፤ ቀረጥ ለመቀነስ ዝቅ አድርገው የጻፉት ዋጋ ካሳም ሲጠይቁ የሚያዝብዎት ያው ነው።