የዚፕ እንጀራ ከረጢትሽ ፓተንት ያገኛል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ሜሪላንድ ሆነሽ እንጀራ ጋግረሽ ለሱቆች ታከፋፍያለሽ። አፉ ተጭኖ የሚዘጋ፣ ውስጡ ላቦት የሚመጥ ወረቀት ያለው ከረጢት ሠርተሻል። «ለእንጀራ ብሎ ይህን የሠራ የለም፣ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ይሰጡኛል ወይ?» ነው ያልሽው። አንድ ድርጅት ደግሞ «በእርግጠኝነት እናወጣልሻለን» ብሎ ገንዘብ ጠይቆሻል። የከረጢቱንም ፎቶ ለጥፈሻል።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ሽሮና በርበሬ አሽጌ የምሸጥ ሰው ነኝ። ግን አንድ የዱቄት ከረጢት ይዤ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ካለው የፓተንት ቢሮ ጋር አራት ዓመት ገደማ ተጻጽፌያለሁ። ሁለት ጊዜ ውድቅ ሆኖብኛል። በመጨረሻ አገኘሁ፣ ግን ያገኘሁት ስጀምር ካሰብኩት በጣም ጠባብ ነገር ነው።

ከፎቶው ልጀምር። የለጠፍሽበትን ቀን ጻፊው። አሜሪካ ውስጥ የራስሽን ፈጠራ ለሕዝብ ካሳየሽ ወይም ለሽያጭ ካቀረብሽ በኋላ ለማመልከት አንድ ዓመት አለሽ። ከዚያ ካለፈ በቃ ነው። አሁን ፎቶውን ብታጠፊውም ቆጠራው አይቆምም። እንዲያውም በዚያ ከረጢት እንጀራ መሸጥ የጀመርሽው ከፎቶው በፊት ከሆነ፣ ዓመቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ሽያጭ ነው። አውሮፓ ደግሞ ይህ የአንድ ዓመት ፋታ የለም። ከማመልከቻው በፊት የታየ ነገር እንደ አዲስ አይቆጠርም። ፎቶሽ ላይ ውጪው ብቻ ነው የሚታየው፣ የወረቀቱ አጣጣፍ አይታይም። ይህ ትንሽ ይረዳሽ ይሆናል። ሱቅ ገብቶ የተሸጠውን ግን ማንም ከፍቶ ማየት ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው። «ለእንጀራ የሠራ የለም» የሚለው መከራከሪያ ብዙ አያስኬድሽም። እኔም «ለበርበሬ የሠራ የለም» ብዬ ነበር የገባሁት። ማመልከቻ መጨረሻ ላይ በቁጥር የሚደረደሩ ዓረፍተ ነገሮች አሉ፣ ክሌም ይሏቸዋል። መብትሽ የሚለካው በእነሱ ነው። ማመልከቻሽን የሚያየው የቢሮው መርማሪ እያንዳንዷን ቃል ምክንያታዊ እስከሆነ ድረስ ሰፋ አድርጎ ይተረጉማል። ከዚያ ያንን የሚያሟላ ነገር ከዚህ በፊት በየትም አገር፣ በየትኛውም ቋንቋ ታትሞ ወይም ተሽጦ እንደሆነ ይፈልጋል። ከረጢት የሚለካው በአሠራሩ ነው። ውስጡ እንጀራ ገባ፣ ዳቦ ገባ፣ ከረጢቱን አይለውጠውም።

እስቲ ሱፐርማርኬት ሂጂና የቶርቲያ መደርደሪያ ጋ ቁሚ። ክብ፣ ስስ፣ እርጥበት ያለው ቂጣ፣ አፉ ተጭኖ በሚዘጋ ከረጢት ውስጥ። ከዚያ ወደ ሥጋው ዙሪና ከሥሩ ያለችውን ፈሳሽ የምትመጥ ንጣፍ እዪ። መርማሪው ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ «ይህን ማጋጠም ለባለሙያ ግልጽ ነው» ይልሻል። እኛም ቤት ቢሆን ፔፐር ታወል እንጀራው ሥር የማያነጥፍ ማን አለ?

ይህቺ «ግልጽ ነው» የምትባለው ነገር ናት የማሸጊያ ሰዎችን የምታስለቅሰው። አዲስ አለመሆንና ግልጽ መሆን ይለያያሉ። የመጀመሪያው፣ ያልሽው ነገር በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ከተገኘ ነው። ሁለተኛው፣ ከሁለትና ከሦስት ቦታ ተሰብስቦ የሚገጣጠም ከሆነ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኬኤስአር በሚባለው የመኪና ፔዳል ክርክር ላይ ሁለተኛውን ለመርማሪው አቀለለት። የታወቁ ነገሮችን በታወቀ መንገድ አገናኝቶ የሚጠበቀውን ውጤት ብቻ ማግኘት ብዙ ጊዜ ፓተንት አያሰጥም።

ትልልቆቹ የምግብ ኩባንያዎችም አልቀረላቸውም። ክራፍት አናቱ ላይ በሚላጥና ተመልሶ በሚለጠፍ ሽፋን የሚከፈት የኩኪ ማሸጊያ ላይ በ2005 ፓተንት አግኝቶ ነበር። ቅርጹን የሚይዝ ፍሬምም ውስጡ ነበረው። በ2013 ኬሎግን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ የሚላጠውም ሽፋን ቀድሞ ነበረ፣ ፍሬም ያለው የኩኪ ማሸጊያም ቀድሞ ነበረ፣ ማጋጠሙ ግልጽ ነው ብሎ ፓተንቱን ጣለው። ክራፍት ማሸጊያው በደንብ መሸጡን፣ በሙያው ሰዎች መመስገኑን፣ መቀዳቱንም ጭምር አቀረበ። ማስረጃው ጠንካራ ነው ተባለ፣ ግን አላዳነውም። በ2017 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው፣ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ በከፊል ተቃውሞ። ኩኪ ሲላጥ ሲለጠፍ ይህ ሁሉ ጠበቃ!

የእኔን ልንገርሽ። ሽሮ በዚፕ ከረጢት ያሸገ ያውቀዋል። ሁለት ሦስቴ ከተከፈተ በኋላ አይዘጋም። ወንዴው መስመር ሴቴው ቦይ ውስጥ እንዲገባ ትጫኛለሽ፣ ግን ቦዩ በዱቄት ተሞልቷል። ደንበኛ «ከረጢትህ የረባ አይደለም» ይለኛል፣ ልክ ነው። እኔ ከዚፑ በታች ከግድግዳው ጋር የተጣበቀች ምላስ ጨመርኩ። ከረጢቱ ሲዘቀዘቅ ዱቄቱ በእሷ ላይ ይንሸራተታል፣ ዚፑን አይነካም። የመጀመሪያው ክሌሜ ይህን ብቻ ነበር ያለው፤ ሁለት ግድግዳ፣ ዚፕ፣ ምላስ።

ካስገባሁ ከ22 ወር በኋላ መልስ መጣ። ለልብስ ሳሙና ዱቄት የተሠራ የቆየ ከረጢት ምላሷን ከነቦታዋ ይዞ ቁጭ ብሏል። ስዕሉን ሳየው የራሴን ሥራ የተሰረቅኩ መሰለኝ። ሰውየው ግን ከእኔ ሠላሳ ዓመት ይቀድማል።

ለመመለስ ሦስት ወር ይሰጡሻል። ተጨማሪ እየከፈልሽ እስከ ስድስት ወር መግፋት ይቻላል። እኔ በንዴት በሦስተኛው ሳምንት «ሳሙና አይበላም፣ ሽሮ ይበላል» ዓይነት መልስ ላክሁ። አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል። ሁለተኛው ውድቅ ያንን በሁለት መስመር አለፈው። ምላሷ ላይ የጨመርኳትን ትንሽ ማስተካከያም ከአንድ የጃፓን ሰነድ ጋር አገጣጥሞ ግልጽ ነው አለው።

የዚያን ጊዜ ነው አንድ የሚያውቅ ሰው «ለምን ቃለ መጠይቅ አትጠይቅም?» ያለኝ። መርማሪውን በስልክ ወይም በቪዲዮ ማነጋገር እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ትሕትና ያለው ሰው ነው ያጋጠመኝ። ስለ ምላሷ ብዙ ከለፈለፍኩ በኋላ «ስዕልህ ላይ የዚፑ መስመር ለምን ይቆራረጣል?» አለኝ። እኔ ረስቼዋለሁ! ስሞክር መስመሩን በየተወሰነ ርቀት ከፈት አድርጌ ስተወው፣ ጣት ሲጫነው የገባው ዱቄት በክፍተቱ በኩል ተገፍቶ ወደ ምላሷ ይወርዳል። ለእኔ የማምረቻ ዝርዝር ነበር። ለእሱ ግን ካገኛቸው ሰነዶች ውስጥ የሌለው ያ ነበር፤ ክፍተቱና ምላሷ አብረው የሚሠሩት ሥራ።

እዚህ ላይ ዕድለኛ የሆንኩት በአንድ ነገር ነው። የክፍተቱን ርቀት በሚሊሜትር መጀመሪያ ባስገባሁት መግለጫ ውስጥ ጽፌው ነበር። ማመልከቻ ከገባ በኋላ አዲስ ነገር መጨመር አይፈቀድም። ክሌሙን ማስተካከል ትችያለሽ፣ ግን መጀመሪያ ከጻፍሽውና ከሳልሽው ውስጥ እያወጣሽ ብቻ ነው። ያቺ መስመር ባትኖር ኖሮ አዲስ ማመልከቻ፣ አዲስ ቀን፣ አዲስ ክፍያ ነበር የሚጠብቀኝ። ስለዚህ መግለጫሽ ውስጥ አትቆጥቢ። ወረቀቱ ስንት ድርብ ነው፣ ከየት ጫፍ ጋር ይጣበቃል፣ ለምን እዚያ ሆነ፣ ሌላ ቦታ ስትሞክሪው ምን ሆነ፣ ሁሉንም ጻፊ። ያልሠራውንም ጻፊ። ደግሞ ክሌም ውስጥ «ዚፕሎክ» ብለሽ እንዳትጽፊ። እሱ ከ1968 ጀምሮ የምናውቀው የንግድ ምልክት ነው፣ የአካል ስም አይደለም። ወንዴውንና ሴቴውን በቅርጻቸው ግለጪ።

ከቃለ መጠይቁ በኋላ የሙከራ ውጤት በመሐላ ቃል አድርጌ አቀረብኩ። ሦስት ዓይነት ከረጢት፦ ምላስ ብቻ ያለው፣ ክፍተት ብቻ ያለው፣ ሁለቱም ያሉት። እያንዳንዱን በሽሮ ሞልቼ ሃምሳ ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁ። ከዚያ በበርበሬ ደገምኩት። ባለቤቴ ሁለት ቀን ኩሽና አልገባችም፣ ልጆቹ እያስነጠሱ ትምህርት ቤት ሄዱ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የተገኘው ውጤት የሁለቱ ድምር ብቻ አልነበረም። ካቀረብኩት ሁሉ የሠራው ይህ ነው። ሽያጭና ምስጋና ለእኔ አልሠሩም፣ የሃምሳ ጊዜው ሠንጠረዥ ሠራ።

እንግዲህ ያንቺን በዚህ ዓይን እዪው። ዚፑን እርሽው። ወረቀት መኖሩንም እርሽው። ጽሑፍሽ ውስጥ እያለፍሽ የነካሻት አንዲት ነገር አለች፦ «ወረቀቱ እስከ አፉ ሲደርስ ዚፑ እየረጠበ አልዘጋ አለኝ፣ ስለዚህ ሁለት ጣት ዝቅ አድርጌ ወደ ውስጥ አጠፍኩት» ብለሻል። እኔ ብሆን የምይዘው እሷን ነው። ለምን ሠራ? ላቦቱ የት ሄደ? እጥፋቱ ባይኖር እንጀራው በስንተኛው ቀን ይሻግታል፣ ሲኖርስ? ሃያ ከረጢት ግማሽ በግማሽ አድርገሽ ሞክሪና ቀን በቀን ጻፊ። ሌላው መንገድ ለአስተሻሸጉ ዘዴ ራሱ ፓተንት መጠየቅ ነው። እንጀራው በምን ያህል ሙቀት ይገባል፣ ስንት ይደረደራል፣ አፉ መቼ ይዘጋል። እዚያ ላይ «እንጀራ» የሚለው ቃል ክብደት ሊኖረው ይችላል፣ ምክንያቱም ዘዴ የሚለካው በእርምጃዎቹ ነው።

ከማመልከትሽ በፊት ራስሽ ፈልጊ። ጉግል ፓተንትስና ኤስፓስኔት የሚባሉት የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጾች በነጻ ናቸው። በቃል ብቻ አትፈልጊ፣ በምድብ ፈልጊ። ተጭነው የሚዘጉ ከረጢቶች ቢ65ዲ 33/25 ሥር ናቸው። መክፈቻ ያላቸው መጠቅለያዎች ቢ65ዲ 75/58 ሥር። ምድቡ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። አንድ ቅዳሜ ስዕሎቹን ብቻ ብታገላብጪ ከእኔ ሁለት ዓመት ትቀድሚያለሽ።

ስለ ድርጅቱ። «በእርግጠኝነት» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ቦርሳሽን ዝጊ። እኔም መጀመሪያ እንዲህ ላለ ድርጅት የሁለት ወር ኪራይ የሚያህል ከፍዬ ያገኘሁት በሚያምር ማኅደር የታሰረ ወረቀት ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ የሚያወጡልሽ የዲዛይን ፓተንት ነው። እሱ የሚጠብቀው መልኩን ነው፣ ከተሰጠበት ቀን 15 ዓመት። አሠራሩን አይነካም። መልኩን ቀይሮ እጥፋትሽን የሚወስድን ሰው አያስቆምልሽም። ከ1999 ጀምሮ ባለው ሕግ እነዚህ ድርጅቶች ውል ከመፈረምሽ በፊት ስንት ደንበኛ በእነሱ በኩል ትርፍ እንዳገኘ በጽሑፍ ሊነግሩሽ ይገባል። ጠይቂያቸው። ዝምታው ይነግርሻል።

ገንዘቡ የሚያስጨንቅ ከሆነ፣ ገቢሽ ከወሰኑ በታች ከሆነና ከዚህ በፊት ብዙ ካላመለከትሽ፣ ማይክሮ ኢንቲቲ ተብለሽ አብዛኛው የቢሮው ክፍያ በ80 በመቶ ይቀንስልሻል። አቅም ለሌለው ፈጣሪ በነጻ ጠበቃ የሚያገናኝ ፕሮግራምም አለ፣ የሕግ ትምህርት ቤት ክሊኒኮችም አሉ። ቀንሽን ቶሎ ለመያዝ ጊዜያዊ ማመልከቻ ማስገባት ትችያለሽ፣ 12 ወር ይቆይልሻል። አይመረመርም። ግን ያልጻፍሽበትን ነገር በኋላ በእሱ ቀን አታገኚውም።

አዲስ አበባ ያለው ወንድምሽ እዚያም ሊያመርተው እንደሚፈልግ ጽፈሻል። የአሜሪካ ፓተንት እዚያ አይሠራም፣ ለብቻ ማመልከት ነው። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጥ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፍኬት አለ። አምስት ዓመት ነው፣ ለሌላ አምስት ይታደሳል። ለእንደዚህ ያለ ከረጢት እሱ የሚመጥን ይመስለኛል።

ፓተንቱ ሀብታም አድርጎህ ይሆናል የምትሉኝ ካላችሁ፣ አላደረገኝም። ዚፑን በእኔ ክፍተት ለማውጣት ፋብሪካው የጠየቀኝ የቅርጽ ማውጫ ዋጋ ከዓመት ትርፌ ይበልጣል። ዛሬም ሽሮዬን የማሽገው በተራ ከረጢት ነው። የመጀመሪያው የማደሻ ክፍያ በሦስት ዓመት ተኩል ላይ ይመጣል፣ ያኔ ከባለቤቴ ጋር እንመክራለን።

እህቴ፣ ብዙዎች «ኢንቦክስ አድርጊልኝ ልየው» ብለውሻል። የወረቀቱን አጣጣፍ ስዕል ለማንም አትላኪ። ለእኔም አትላኪ።