ሆዴን ቀንሺልኝ ላለሽ ደንበኛ

አንዲት ወጣት ሠዓሊ «ደንበኛዬ ሆዴን ቀንሺ፣ ፀጉሬን ጨምሪ ይለኛል፤ እሺ ልበለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ጃይፑርን አስታወሰኝ።

ህንድ ተማሪ ሳለሁ በጃይፑር አንድ ሚኒየቸር (ትንንሽና ረቂቅ ሥዕል) የሚሥሉ ሽማግሌ ዘንድ እመላለስ ነበር። ቀለም ያስፈጩኛል፤ ወረቀቱን ገልብጬ አጌት በሚባል ጠንካራ ድንጋይ እንዳለሰልስ ያዙኛል፤ ፊት ግን አያስነኩኝም። አንድ ቀን ሁለት የሥዕል ቅጂዎች ጎን ለጎን ዘረጉልኝ። አንዱ የሙጋል ቤተ መንግሥት ሠዓሊው አቡል ሐሰን እንደ ፈረንጆች በ1616 ገደማ የሣለው ነው። የህንድ ሙጋሎች ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በምድር ሉል ላይ ቆሟል፤ ሉሉን በሬ፣ በሬውን ዓሣ ተሸክሞታል። ቀስቱን የደገነው በጦር ላይ በተሰካ የጥቁር ሰው ጭንቅላት ላይ ነው። የማሊክ አምባር ጭንቅላት! ከእኛ አገር በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ ሄዶ አህመድናጋር የሚባለው የህንድ ግዛት እንደራሴ የሆነው ሰው። ደሜ ፈላ።

«ምኞት ነው እኮ» አሉኝ ሽማግሌው እየሳቁ። እውነትም ጃሃንጊር አምባርን ሳይዘው፣ አምባር በ1626 በእርጅና ሞተ።

ሁለተኛውን የሣለው ሌላው ሠዓሊ ሀሺም ነው፤ አምባር ነጭ ለብሶ፣ በጎኑ ዞሮ፣ ከነክብሩ ቆሟል። ሽማግሌው የቀረውን በመዳፋቸው ሸፍነው ፊቶቹን ብቻ አሳዩኝ። ጭንቅላቱ በጦር ላይ በተሰካበት ሥዕልም ፊቱ የዚያው ሰው ፊት ነው። አክሊለ ብርሃኑን፣ ዕንቁውን፣ ሉሉን ንጉሡ ያዛል፤ ከግንባር እስከ አገጭ የሚወርደውን መስመር ግን ሠዓሊው አይሸጥም። የጃሃንጊር አባት ንጉሠ ነገሥት አክባር የመኳንንቱን መልክ ሁሉ ያስሣለው፣ ሠዓሊዎቹም መልክን በስስ ቆዳ እየገለበጡ ያቆዩት ለዚህ ይመስለኛል።

ሽማግሌው «ዝናቡ ሲያልፍ የዓይን አሣሣል አሳይሃለሁ» ብለውኝ ነበር። የትምህርት ገንዘቤ ከዝናቡ በፊት አለቀና ተመለስኩ። እስከ ዛሬ ዓይን ላይ ስደርስ እጄ ያመነታል።

እናንተ የዛሬ ልጆች ደግሞ መዳፍ የምታህል ሥዕል በስልክ ላይ በአውራ ጣት ገፍታችሁ ታልፋላችሁ። በእርግጥ፣ በአቡል ሐሰን ሥዕል የአምባር ጭንቅላት ላይ የተቀመጠችውን ጉጉት እኔም በደንብ ያየኋት ልጄ በስልኳ አጉልታ ስታሳየኝ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ሆዱን ቀንሺለት፤ ፀጉሩንም ጨምሪለት። አፍንጫውን እንዳትነኪ። ፎቶ ብቻ ከላከልሽ አንድ ቀን መጥቶ በጎኑ ይቀመጥልሽ፤ እምቢ ካለ ዋጋ ጨምሪበት።